ሽፋን የተነፈገው መዝገብ

«እትዬ አንሶላ» የሚለውን ስም ያወጡላት ነርሶቹ ናቸው። በሆስፒታሉ የእጥበት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ አንድም አንሶላ ጠፍቶባት አያውቅም። ልብሱ በጋሪ ተቆልሎ ይመጣል፤ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይተኮሳል፤ ተቆጥሮ ሊመለስ ሲል ታዲያ አንዳንድ ቀን አንድ የትራስ ልብስ ይጎድላል። ሌላው ሠራተኛ ወዲያው ሰው መጠርጠር ይጀምራል። እሷ ግን እጅጌዋን ትጠቀልልና ትልልቁን የብርድ ልብስ ሽፋን ሁሉ፣ እጇን እስከ ብብቷ እያስገባች ትዳብሳለች። የጠፋው አንዱ ጥግ ውስጥ ተጨማድዶ ይገኛል። «መኪናው ሲያሽከረክረው ሽፋኑ ዋጠው፤ ሌባ የለም» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ከዚያ የረዘመ ንግግር ከእሷ አፍ የሰማ ሰው ጥቂት ነው።

የሆስፒታሉ የቧንቧ ሠራተኛም ያው ነው፤ ዝምተኛ። ሚስቱ ከሞተችበት ሰባት ዓመት ሆኖታል። ድሮ በወር አንዴ ይበላሽ የነበረው የልብስ ማጠቢያ መኪና ካለፈው ዓመት ወዲህ በሳምንት ሁለቴ መበላሸት ጀመረ። ነርሶቹ «ጋሼ፣ የታመመው መኪናው ነው ወይስ ሰው?» እያሉ ሲያሽሟጥጡት አንገቱን ደፍቶ መፍቻውን ይፈልጋል። መፍቻው እጁ ላይ ነው።

የልቡንም የነገራት እዚያው መኪናው አጠገብ ነው። መኪናው እያጓራ ስለነበር አልሰማችውም። ደገመላት፤ ጆሮዋን አቀረበች፤ አሁንም አልተሰማትም። ሦስተኛውን ጮክ ብሎ ሊናገር አፉን ሲከፍት መኪናው ዙሩን ጨርሶ ጭጭ አለ። «እንጋባ ወይ ነው የምልሽ!» የሚለው ጩኸት ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ እስከ ማዋለጃ ክፍል ድረስ ተሰማ። እትዬ አንሶላ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«እሺ» አለች፤ «መጀመሪያ ግን ይሄን የሚያንጠባጥበውን ጨርስልኝ።»

ጥቂት ሳምንት እንደሄደ የቧንቧ ሠራተኛው አዲስ ወደተከፈተ ሆስፒታል እንዲዛወር ታዘዘ፤ በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ባልና ሚስት የሆኑ ሠራተኞች አብረው ይዛወራሉ፣ መኖሪያ ቤትም ይሰጣቸዋል። የሚቀጥለው ሰኞ ሥራ መጀመር አለበት። የጋብቻ ወረቀት ካለ ሁለቱም ይሄዳሉ፤ ከሌለ እሱ ብቻውን ይሄዳል፣ እሷም ከጋሪዋ ጋር ትቀራለች።

ሰባት ቀን ሲቀራቸው ማዘጋጃ ቤት ሄደው ለሐሙስ ቀጠሮ ጠየቁ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችና ቅንድቧን ሰቀለች።

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ ባለትዳር ነዎት።»

«ከማን ጋር?» አለ የቧንቧ ሠራተኛው ደንግጦ።

«ከዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት በፊት የተመዘገበ ጋብቻ አለ። ፍቺ አልተመዘገበም።»

«ተፋትቻለሁ እኮ» አለች እትዬ አንሶላ ለራሷ በሚመስል ድምፅ። «ድሮ ነው። ገጠር፣ ወረዳ ፍርድ ቤት።»

«እንግዲያው የውሳኔውን ግልባጭ ከነማኅተሙ እስከ ሐሙስ ጠዋት ያምጡልኝ። ያለዚያ እኔ ምንም ላደርግልዎት አልችልም።»

ከሥራ በኋላ ታላቅ እህቷ ቤት ሄዳ ነገሩን አጫወተቻት። እታለም ነው የምትላት፤ አንድ ግቢ ነው የሚኖሩት። እታለም ሳቅ አለች።

«የምን ፍቺ? ጥሎሽ አይደል እንዴ የሄደው! ጥሎ ለሄደ ሰው ማን ወረቀት ይሰጣል?»

ይህን ታሪክ እታለም ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ስታወራው ኖራለች፤ ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ አንዴ ደግሞ ለማታውቀው የአውቶቡስ ተሳፋሪ። በወሬዋ ውስጥ ሜዳ ላይ የተጣለች ምስኪን እህት አለች፣ የሰበሰበቻት ደግ እህት አለች። የቀድሞው ባልም በበኩሉ «ጥያት ሄድኩ» እያለ ሲኩራራ ነበር አሉ። እትዬ አንሶላ አንድም ቀን አላስተባበለችም። ማስተባበል ብዙ ቃል ይፈልጋል። እያደር እሷ ራሷም «በእርግጥ ጥሎኝ ይሆን?» እስከማለት ደርሳለች። ትዝ የሚላት ዝናብ፣ አንድ የእንጨት አግዳሚና የአንድ ዳኛ መነጽር ነው።

«ይቅርብሽ» አለች እታለም። «ሃምሳ አንድ ዓመትሽ ነው፤ ሰው ምን ይላል? እሱ ይሂድ፤ አንቺ እኔ ጋ ነሽ።»

«ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እሄዳለሁ።»

እታለም ማንኪያዋን አስቀመጠች። እህቷ እንዲህ ቁርጥ ያለ ነገር ስትናገር ሰምታ አታውቅም ነበር።

ፍርድ ቤቱ ያው የድሮው ነው። ረጅም ባለ አንድ ፎቅ ቤት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፤ ቢጫው ቀለም ሰዎች ተቀምጠው ጀርባቸውን በሚያስደግፉበት ልክ ተልጧል። አግዳሚዎቹ በተቀማጭ ብዛት እንደ መስታወት ያበራሉ። መዝገብ ቤቱ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው፤ በሩን ለመክፈት ከፍ አድርጎ መግፋት ያስፈልጋል። ውስጡ እስከ ጣሪያ ድረስ በመደርደሪያ የተሞላ ነው፤ የወረቀት፣ የሲባጎና የአሮጌ ዝናብ ሽታ አለው።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አንገቷን በሻርፕ የጠቀለለች ወጣት ናት። አቧራው ስለማይስማማት ሳታነጥስ ዓረፍተ ነገር አትጨርስም።

«የስንት ዓመተ ምሕረት ነው፣ እናቴ?»

«ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት። ክረምት ነበር።»

«ወይኔ!» አነጠሰች። «የዚያን ዘመን የቤተሰብ ጉዳይ ማውጫ ጣሪያው አፍስሶበት በስብሷል። የተረፈው የመሬት ጉዳይ ማውጫ ብቻ ነው። ያለን አማራጭ ፋይሎቹን ሽፋን በሽፋን ማየት ነው።»

«እንይ» አለች እትዬ አንሶላ፣ እጅጌዋን እየጠቀለለች።

ሽፋን በሽፋን አዩ። ልጅቷ መሰላል ላይ ሆና እያወረደች፣ እሷ እየተቀበለች፣ የስንቱን ባልና ሚስት ስም አነበቡ። ከዚያ ዓመት በፊት ያለውን ዓመት አዩ፤ ከዚያ በኋላ ያለውንም። ፀሐይዋ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ዞረች። የእሷ የለም።

ልጅቷ ከመሰላሉ ወርዳ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። «እናቴ፣ "መዝገቡ አልተገኘም" የሚል ደብዳቤ ልጻፍልዎት?»

«እሱን ይዤ ብሄድስ?»

«እንግዲህ ... ያለ ማስረጃ እንደተፋቱ አይቆጠርም። ባለትዳር ሆነው ይቀጥላሉ።»

ልጅቷ ብዕሯን አንስታ ነበር። እትዬ አንሶላ ባዶው ወረቀት ላይ መዳፏን ጫነች። «አትጻፊው።»

ከዚያ ክፍሉን ማየት ጀመረች። ጋሪ ሙሉ ልብስ ስትቆጥር እንደምታየው ነው ያየችው። ወለሉ ላይ፣ የሚንገዳገድ መደርደሪያ ለመደገፍ የተቀመጠ አንድ ወፍራም ፋይል ነበር። በወስፌ ተበስቶ በሲባጎ ተሰፍቷል፤ ከኋላው ያሉት ጥቂት ወረቀቶች ቀለማቸው ከፊተኞቹ ይለያል። ጎንበስ ብላ በጣቷ ፈልቀቅ አደረገችው። ፊተኛው የስርቆት ክስ ነው። ኋለኛው ግን ስለ አንድ ወላጅ አልባ ልጅ ሞግዚት የተሰጠ ውሳኔ ነው።

«ይሄስ ምንድነው?»

«እሱን ይተዉት፤ የቆጥቤ ሥራ ነው» አለች ልጅቷ። «ከእኔ በፊት እዚህ የነበሩት፣ በቆጣቢነታቸው ያን ስም ያወጡላቸው ሽማግሌ ናቸው። ያልሰፉት ነገር የለም። በር ላይ ማመልከቻ ሲጽፉ አላዩአቸውም?»

አይታቸዋለች። ከበሩ ውጭ፣ ግንቡ ሥር፣ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ዣንጥላ ተክለው የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። እርሳሳቸው አጥሮ አጥሮ የጣት ጫፍ አክሏል፤ በሸምበቆ ቁራጭ ሰክተው ነው የሚጽፉበት።

«አባባ፣ እዚህ መዝገብ ቤት የነበሩት እርስዎ ነዎት?»

«ሠላሳ አራት ዓመት። ምን ጠፋሽ?»

«ፍቺዬ።»

«ተይ እንጂ! ትዳር የጠፋበት ሰው ሲመጣ አይቻለሁ፤ ፍቺ የጠፋበት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።» ቀና ብለው አዩአት። «ስንት ቀጠሮ ፈጀ?»

«አንድ። በአንድ ጠዋት አለቀ።»

ሽማግሌው እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ ከየት አምጥቶ ሽፋን ይኖረዋል!»

«አልገባኝም፣ አባባ።»

«በዓመት መቶ ሃምሳ የፋይል ሽፋን ነበር የሚላክልን። ጉዳዩ አራት መቶ! በአንድ ጠዋት ላለቀ ነገር እኔ ሽፋን አላባክንም። በዚያው ቀን ችሎት ከነበረው ወፍራም መዝገብ ኋላ እሰፋዋለሁ። ደግሞ አሳምሬ ነው የምሰፋው፤ ብትጎትቺው አይወጣም።»

«ይሄንን ለልጅቷ ለምን አልነገሯትም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ ሽማግሌው። እውነታቸውን ነው።

እትዬ አንሶላ ሽፋን ውስጥ ተጨማድዶ የሚገኘው የትራስ ልብስ ትዝ አላት። ሃያ ሁለት ዓመት ስታደርገው የኖረችው ነገር ነው። «እንግዲያው ተውጧል» አለች። «ማን እንደዋጠው ብቻ ነው የቀረኝ።»

«ጎበዝ! ያን ቀን ማን ችሎት ነበረው? እሱን ካስታወስሽ ፍቺሽ ተገኘ።»

ዓይኗን ጨፈነች። ዝናቡ፣ አግዳሚው። አጠገቧ አንድ ነገር ነበር፤ ጭቃ የነካው፣ ከባድ።

«ድንጋይ ነበር» አለች። «ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። አንደኛው የድንበር ድንጋይ ነቅሎ በትከሻው ተሸክሞ መጣ፤ ለዳኛው አሳያለሁ ብሎ። እኔ አጠገብ አስቀመጠው። ዘበኛው "ድንጋይ ይዞ መግባት ክልክል ነው" ቢለው "ድንጋይ አይደለም፣ ምስክር ነው" አለ። ወንድሙ ደግሞ ከወዲያ "የሐሰት ምስክር ነው!" ብሎ ጮኸ።» ሳቋ መጣ። «ያን ጊዜም ሳቅሁ። ስንት ወር ሳልስቅ ቆይቼ። ባሌ "እዚህም ትስቂያለሽ?" አለኝ። እሱንም አሁን ነው ያስታወስኩት።»

ሽማግሌው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «የድንጋዩ ወንድማማቾች! አሥራ አንድ ዓመት ተካሰው እኮ ነው! የእነሱ ሆድ ውስጥ ያልሰፋሁት የለም። ነይ!» ዣንጥላውን እንደተከፈተ ትተው እንደ ጎረምሳ እየተራመዱ ወደ ውስጥ ገቡ።

የመሬት ጉዳይ ማውጫው ደህና ስለነበር ቁጥሩ ወዲያው ተገኘ። ፋይሉን ከታችኛው መደርደሪያ ለሦስት ጎትተው አወጡት። የወፈረ ትራስ ያህላል። የመጀመሪያዎቹን መቶ ገጾች ወንድማማቾቹ ስለ ድንጋዩ ተጨቃጭቀውባቸዋል፤ ቀጥሎ ስለ አንድ ዛፍ፣ ቀጥሎ ስለ ዛፉ ጥላ። ልጅቷ እያነጠሰች ትገልጣለች፤ እትዬ አንሶላ ግን መግለጡን አልጠበቀችም። እጇን ከኋላ በኩል አስገብታ ወረቀቱን በአውራ ጣቷ መዳበስ ጀመረች። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ። ሳሳ ያለ ወረቀት።

«እዚህ ጋ» አለች።

ሰባት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ላይ ስሟ አለ፣ ከነአባቷ፤ ከስሟ ፊት ደግሞ «አመልካች» የሚል ቃል። የባሏ ስም ከታች ነው፤ «ተጠሪ»። አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች።

«አመልካች ማለት ጠያቂዋ ማለት ነው አይደል?» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ፣ እናቴ። ፍቺውን የጠየቁት እርስዎ ነዎት። እሳቸው ተጠርተው ነው የመጡት።»

እትዬ አንሶላ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለች። ጣቷን ስሟ ላይ አድርጋ ቆየች። ሽማግሌው መስኮቱን ማየት መረጡ።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። የመመለሻው አውቶቡስ አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል፤ አሁን ስምንት ተኩል ነው። ስፌቱን መፍታት ደንቡ ይከለክላል፤ ያን የሚያህል ፋይል ደግሞ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ አይተኛም። ውሳኔው በጽሕፈት ተገልብጦ መውጣት አለበት። ልጅቷ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠች፣ ሽማግሌው ፋይሉን በሁለት እጃቸው ገልጠው ያዙ። የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።

«እኔ አነባለሁ» አለች እትዬ አንሶላ።

መጀመሪያ ድምፅዋ የተደበቀ ነበር። «አይሰማኝም፣ እናቴ» አለች ልጅቷ። ከፍ አደረገችው። የዳኛውን ስም፣ ቀኑን፣ የመዝገቡን ቁጥር አነበበች። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ የራሷ ቃል መጣ፤ አንድ የችሎት ጸሐፊ የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት በቆንጆ ጽሕፈት የያዘው ቃል።

«አመልካቿ ምክንያቷን ስትጠየቅ እንዲህ ብላለች፦ አልመታኝም፣ አላስራበኝም፤ የሌለውን አልናገርም። ነገር ግን ቤቴ ውስጥ ኮቴዬን አጥፍቼ ነው የምራመደው። ሳቅ ሲመጣብኝ ጓሮ እወጣለሁ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የቀረኝን ዕድሜ ኮቴዬን እያጠፋሁ መኖር ስለማልፈልግ አሰናብቱኝ።»

የልጅቷ ጣቶች ቆሙ። ኮሪደሩ ላይ ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሁለት ሴቶች በሩ ላይ ተደግፈው ይሰማሉ።

«ጻፊ እንጂ» አሉ ሽማግሌው።

«ተጠሪውም፦ መሄድ ካማራት ትሂድ፣ አልቃወምም ብሏል» ብላ ቀጠለች እትዬ አንሶላ። አሁን ድምፅዋ ቤቱን ሞልቶታል። «ስለዚህ ፍርድ ቤቱ በአመልካቿ ጥያቄ ጋብቻው እንዲፈርስ ወስኗል።»

ሰብሳቢዋ ዳኛ ከችሎት ስትወጣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ግልባጩን ከዋናው ጋር አስተያየች፤ ሦስተኛውን ገጽ ሁለቴ አየችው። «ይህን የተናገሩት እርስዎ ነዎት?» አለች ከመነጽሯ በላይ። «እኔ ነኝ» አለች እትዬ አንሶላ፤ ደግሞም ቀና ብላ ነው ያለችው። ዳኛዋ ፈረመች። ማኅተሙ ድም ብሎ ሲያርፍ ሽማግሌው «እሰይ!» አሉ።

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ሊሄድ ሲል ደረሰች። ሮጣ ነው የደረሰችው፤ ኮቴዋ አስፋልቱን ሁሉ እያንኳኳው።

ሐሙስ ጠዋት ማዘጋጃ ቤቱ ሰልፍ በሰልፍ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው ኮት ለብሶ መጥቷል፤ ከኪሱ ግን የመፍቻው ጫፍ ብቅ ብሏል፣ ጠዋት አንድ ቧንቧ ሳይጠግን አልመጣም። ነርሶቹ ሦስት ሆነው ከሥራ ሾልከው መጥተዋል። እታለምም መጥታለች፤ አኩርፋ ቢሆንም ምስክር ሆና ልትፈርም ነው የመጣችው።

የመስኮቷ ልጅ ግልባጩን ተቀብላ ማኅተሙን አየችና ማንበብ ጀመረች። አነባበቧ ሹክሹክታ ቢሆንም እታለም ጆሮዋ ደህና ነው። «... በአመልካቿ ጥያቄ ...» ሲባል ደነገጠች።

«አመልካቿ ማናት?»

«እኔ ነኝ፣ እታለም።»

«አንቺ ነሽ የፈታሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ስለፈልፍ ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ስታወሪው ደስ ይልሽ ነበር» አለች እትዬ አንሶላ። «እኔም ልቤ ሳይሞላ ቆይቶ ነው። አሁን ሞልቷል።»

እታለም ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ከዚያ ወረቀቱን ከመስኮቱ ላይ ሳብ አድርጋ ሦስተኛውን ገጽ ለራሷ አነበበች። «ጓሮ ወጥተሽ ነበር የምትስቂው?» አለች። ዓይኗን በሻሽዋ ጠረገችና ወደ ነርሶቹ ዞረች። «ጉድ እኮ ነው! አንድም ክፉ አመል የሌለበትን ባል ችሎት ጎትታ የፈታች እህት አለችኝ፤ በሃያ አራት ዓመቷ!» እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሚወራው ይህኛው ነው።

የመዝገብ ቤቷ ልጅ ያን ጠዋት ስልክ ደውላ ነበር። ሽማግሌውን ይዛ ወፋፍራም ፋይሎችን ከኋላ መግለጥ ጀምራለች፤ እስከ ትናንት ማታ አሥራ አራት የጠፋ ውሳኔ ተገኝቷል። «አንዲት ሴትዮ ደግሞ ስምንት ዓመት ሲፈልጉት የነበረው ወጥቶላቸው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው እየሳቁ ነው፣ እናቴ» አለች፤ ከዚያም አነጠሰች።

«ጨርሰናል» አለች የመስኮቷ ልጅ፣ ወረቀቱን ከእታለም እጅ በትሕትና እየወሰደች። «አንድ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ልሙላ። ጋሼ፣ የእርስዎ የጋብቻ ሁኔታ?»

«ሚስቴ ሞታብኛለች» አለ የቧንቧ ሠራተኛው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እርስዎስ፣ እትዬ?»

«ፈትቻለሁ!»

ውኃ ሊከፍል የመጣው፣ ልደት ሊያስመዘግብ የመጣው፣ ሰልፉ በሙሉ ዞረ። እንዲህ በደስታ ፍቺዋን የምታበስር ሴት እዚያ ሰልፍ ላይ ያየ ማንም የለም። ዘበኛው በር ከፍቶ አንገቱን አስገባና ማን እንደጮኸ ጠየቀ።

«እኔ ነኝ፣ ወንድሜ» አለች እትዬ አንሶላ። «ላገባ ነው።»

የቧንቧ ሠራተኛው ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ነርሶቹ አጨበጨቡ። የመስኮቷ ልጅ ቃሉን በትክክለኛው ቦታ ጻፈችና ወረቀቱን አዙራ ሰጠቻት።

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አለች። እትዬ አንሶላም ብዕሩን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ስሟን ከነአባቷ ፈረመች።